ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ ሪሞቱ ማን እጅ ነው?

ኳስ የሚያሳይ ቤት ሁሉ ጥሩ ነኝ ይላል። እኔ የምለየው በአንድ ነገር ነው። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሪሞቱ ማን እጅ ነው? ጥብሱም፣ ድራፍቱም፣ ወንበሩም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለምን 12 ሰዓት? የኛ ፕሪሚየር ሊግ የማታው ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው። እንግሊዞች ደግሞ የቅዳሜ ጨዋታቸውን አብዛኛውን የሚጀምሩት በራሳቸው ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ላይ ነው። በነሱ በጋ ይሄ ለኛ 11 ሰዓት ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ግን ለኛ 12 ይሆናል። እስከ መጋቢት አጋማሽ፣ አለፍ ብሎም፣ እንደዚያው ነው። አምስት ወር ሙሉ የኛው ክለብ ኢትዮጵያ ቡናና የእንግሊዙ አርሰናል አንድ ስክሪን ይሻማሉ ማለት ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም።

የቡና ደጋፊ ነኝ። ለገሃር አካባቢ ማተሚያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነን። ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት መሄድና ተመልሶ መምጣት አይታሰብም፤ ስለዚህ የሳምንቱን ጨዋታ እዚሁ ስታዲየም ዙሪያ ነው የማየው። በየሳምንቱ ስለ ጨዋታው አወራችሁ ነበር። ዛሬ ግን ስለማይበት ቤት ላውራ። ሰሞኑን "የት ነው የምታዪው?" የሚለኝ በዝቷል።

ድሮ ይሄ ጥያቄ አልነበረም። ስታዲየሙ ነበራ፣ እያንዳንዱ የመቀመጫ ክፍል በስሙ። ካታንጋ ትገባለህ፣ ሚስማር ተራ ትገባለህ፣ ኪስህ ደህና ከሆነ ጥላ ፎቅ ትወጣለህ። ከማን አንሼ የሚባለው ክፍል የገባ ደግሞ ስሙን ይዞ ይኮራል። ቆሎ የሚሸጠው ልጅ በሰው እግር መሀል ሲሽሎከለክ ጎል ያመልጥሃል። እድሜ ለካታንጋ፣ ድምፄ እስከ ማክሰኞ አይመለስም ነበር።

ከዚያ 2013 መጣ። ሊጉ ቡድኖቹን አንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት ጀመረ። ጥቂት ሳምንት እዚህ፣ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። በዚያው ዓመት ዲኤስቲቪ ሊጉን በሱፐርስፖርት ማስተላለፍ ጀመረ። ለአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር የተባለው ስምምነት ማለት ነው። ኮሮናም ስለነበረ ሜዳው ባዶ ነበር። የአዲስ አበባ ደጋፊ ከዚያ በኋላ ቡድኑን በስክሪን መከተል ለመደ። የአፍሪካን እግር ኳስ የሚመራው ካፍም ስታዲየማችን ደረጃውን አያሟላም ብሎ ብሔራዊ ቡድኑን ከሀገር አስወጣው። ሰኔ 2014 ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ "በሜዳችን" የተባለው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። የዳዋ ሆቴሳንና የሽመልስ በቀለን ጎል በቲቪ ነው የጨፈርንበት።

የምናይባቸው ቤቶችም አልቀሩልንም። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ 2016 ላይ ፈረሰ። በዓመቱ ካዛንቺስ ተከተለ። ካዛንቺስ አንዲት ጠባብ ቤት ነበረችን። ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ረጅም ሰው ጎል ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነው የሚዘለው። እሷም ከሰፈሩ ጋር ሄደች። ደንበኛው ተበታተነ። ግማሹ ገላን ነው፣ ግማሹ የት እንደገባ አላውቅም።

ስለዚህ ፍለጋ ገባሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለ ትልቅ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ስክሪኑ ግድግዳ ያህላል፣ ሶፋው ለስላሳ፣ አስተናጋጆቹ ዩኒፎርም የለበሱ። ከመግባቴ በፊት በር ላይ ያለውን ልጅ ጠየቅኩት። "የቡና ጨዋታ ታሳያላችሁ?" "እንዴታ እህቴ፣ ግቢ" አለኝ። ገባሁ። ማኪያቶ አዘዝኩ። 12 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ፣ ስክሪኑ ብልጭ አለና ለንደን ገባን። አስተናጋጇን ጠራኋት። "ይቅርታ፣ ደንበኞች ጠይቀው ነው" አለች። እኔስ ምንድን ነኝ? ማኪያቶዬን ጨርሼ ወጣሁ። ማኪያቶው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር።

ሁለተኛው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። እዚያ ችግሩ ሌላ ነው። የኛን ሊግ ያሳያሉ፣ ግን ድምፁን ዘግተው ሙዚቃ ይከፍታሉ። ኳስ ያለ ድምፅ ይታያል ወይ? ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ይሁን ተጫዋቹ ደክሞት ቆሞ ይሁን አይታወቅም። በዚያ ላይ ከጎኔ የተቀመጡት ሁሉ የውርርድ ትኬት የቆረጡ ናቸው። የሚያዩት ኳሱን ሳይሆን ኩፖኑን ነው። አንዱ በኛ ላይ ጎል ሲገባ ተነስቶ ጨፈረ። የማን ደጋፊ ነህ ስለው "የማንም አይደለሁም፣ ከሁለት ጎል በላይ ብዬ ነው" አለኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ይወራል?

አሁን ወደምወዳት ቤት ልምጣ።

ስታዲየሙን ከኋላ አድርጋችሁ ወደ ጋንዲ ሆስፒታል አቅጣጫ ስትሄዱ ውስጥ ውስጡን ነው። ታፔላ የላትም። ድሮ ነበራት አሉ፤ መንገዱ ሲሠራ ተነሳ፣ ከዚያ ማንም አልመለሰውም። በሩ ላይ የድራፍት በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ምልክታችሁ እሱ ነው። ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሥጋ ቤቱ መስኮት፣ ቀጥሎ ኮሪደር፣ ከዚያ ሰፊ አዳራሽ። አዳራሹ ድሮ መጋዘን ሳይሆን አይቀርም። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ጭስም ጩኸትም ወደ ላይ ይሄዳል።

ባለቤቱ ሰባዎቹን ያለፉ ሰው ናቸው። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ሪሞቱ በኮታቸው የደረት ኪስ ውስጥ ነው። ከኪስ ሲወጣ የሚታየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲከፍቱና ሲዘጉ። ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ የተለመደው ጩኸት ይነሳል። "ጋሼ፣ ኧረ ወደ እንግሊዝ ቀይሩልን!" ጋሼ ዞር ሳይሉ በአገጫቸው ያሳያሉ። "እንግሊዝ እዚያ ጥግ አለ።" እውነትም አለ። ከቡና ማፍያው ማሽን በላይ አንዲት ትንሽ ቲቪ ተሰቅላለች። ድምፅ የላትም። አርሰናልን የፈለገ ሰው አንገቱን ሰብሮ እዚያ ያያል። ትልቁ ግድግዳና ድምፁ ግን የሀገር ውስጥ ሊግ ነው፤ እስከ መጨረሻው ፊሽካ።

ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ጋሼ በዚህ የተነሳ ገበያ ያጣሉ። በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አይቶ "አይ፣ የኛ ነው" ብሎ የሚመለስ ወጣት ብዙ ነው። አንድ ቀን "አይጎዳዎትም?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እንግሊዝ እኔን አያውቀኝም" አሉኝና ሂሳብ ወደሚቀበሉበት ዞሩ።

ስክሪኑ ፕሮጀክተር ነው፤ የሚያርፈውም ነጭ የተቀባ ግድግዳ ላይ ነው። ምስሉ ጥርት ያለ ነው ብዬ አልዋሽም። ፀሐይ እስክትገባ ድረስ የላይኛው መስኮት ብርሃን ይረብሸዋል። የ9 ሰዓቱን ጨዋታ ስታዩ የሩቁ መስመር ተጫዋች ቁጥሩ አይነበብም። ማታ ግን ጥሩ ነው። ግድግዳው ግራ ጥግ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ልክ የማዕዘን ባንዲራው ላይ ነው የሚያርፈው። ከግራ ኮርና ሲመታ ተጫዋቹ መብራት ሊያጠፋ እጁን የዘረጋ ይመስላል። አዲስ የመጣ ሰው ይስቃል። እኛ ለምደነዋል። እንዲያውም አንዳንዱ "ከማብሪያው በኩል ነው፣ ይገባል" እያለ ይተነብያል።

አቀማመጡ ሳይነገር የተከፋፈለ ነው። በቀኝ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊዎች፣ በግራ እኛ። መሀል ላይ የሌላው ሁሉ ነው፤ አፄዎቹ የፋሲል፣ ሃይቆቹ የሐዋሳ፣ የጣና ሞገዶቹ የባሕር ዳር። አንድ የወላይታ ሰው አለ። ክለቡ ወላይታ ዲቻ በተጫወተ ቁጥር፣ ባልተጫወተም ቁጥር፣ 2010 ላይ የግብፁን ዛማሌክን ካይሮ ድረስ ሄደው በመለያ ምት እንዳስወጡት ይነግራችኋል። ደግሞ እውነት ነው። ስለዚህ ማንም አያቋርጠውም። የእህቴ ባል ጊዮርጊስ ነው፤ ቀኝ ይቀመጣል፣ እኔ ግራ። ጥብሱን ግን አንድ ላይ እናዛለን፤ ትሪው መሀል ያርፋል። ጎል ሲገባ አንዳችን ወደ ትሪው፣ አንዳችን ወደ ጣሪያው ነው የምናየው። እሱ "ከ1928 ጀምሮ" ብሎ የክለቡን እድሜ ሲጀምር እኔ ጥብሱን ወደራሴ እስባለሁ።

የ9 ሰዓቱ ጨዋታ ላይ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። ጨዋታው የንግድ ባንክ ወይም የመድን ቡድን ከሆነ አዳራሹ ባዶ ነው። አስተናጋጆቹ ምሳቸውን የሚበሉት ያኔ ነው። ንግድ ባንክ 2016 ላይ ከታች በመጣበት ዓመት ዋንጫ አነሳ። መድን በቀጣዩ ዓመት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም ኳሱን በደንብ ተጫውተው ነው ያሸነፉት፤ ማንም ሊክዳቸው አይችልም። ግን ማን ጨፈረ? ሻምፒዮን የሆነ ቡድን አዲስ አበባ መሀል በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚሰበሰብ ደጋፊ ሲያጣ አንድ ነገር ልክ አይደለም። ደሞዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ይኖርሃል፣ ግን ስምህን ጠርቶ የሚሰድብህ የለህም። ቡና ከ2003 በኋላ የሊጉን ዋንጫ አላነሳም። የግራው ጎን ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ይሄንን የእህቴ ባል እንኳ ያምናል፤ በጓዳ።

ስለ ጨዋታው ትንሽ። የዚህን ሳምንት የቡናን ጨዋታ እዚሁ ነው ያየሁት። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ክርክራችን ግን ያው የቆየው ነው። ካሳዬ አራጌ አሠልጣኝ በነበረ ጊዜ ቡና ከበረኛው ጀምሮ ኳስ እየተቀባበለ መውጣት ለመደ። አቡበከር ናስር 2013 ላይ 29 ጎል ያስቆጠረው በዚያ አጨዋወት ነው። ከዚያ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። አቡኪ ሄደ፣ ካሳዬም ሄደ፣ የግራው ጎን ግን አሁንም በረኛው ኳስ በረጅሙ ሲመታ "ኧረ ወደ ታች!" እያለ ይጮኻል። ቀኙ ደግሞ "ሲቀባበሉ መሸ" ይላል። እኔ የኳስ ሊቅ አይደለሁም። ግን ተከላካዩ ኳስ እግሩ ሥር ይዞ ቀና ብሎ ሲያይ ደስ ይለኛል። ቀና ብሎ ካየ በኋላ ለባላጋራ ሲሰጠው ያንን ያህል ደስ አይለኝም። በዚህ ሳምንት ሁለቱንም አይቻለሁ። የመሀል ሜዳው ቶሎ ይደክማል፤ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ በተከላካይና በአማካይ መሀል ያለው ክፍተት መንገድ ሆኖ ይታያል። የጋሼ ግድግዳ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ስክሪኑ ትልቅ ስለሆነ ክፍተቱ ይታያል። በስልክ ያየ ሰው ማታ ሲከራከረኝ "የት አየሽው?" ይለኛል። ግድግዳ ላይ ነዋ።

አሁን ስለ ስልክ። ስርጭቱ ከሜዳው ወደ እኛ እስኪደርስ ይዘገያል። ቴሌግራም ግን ይቀድማል። ኳሷ ገና መሀል ሜዳ ላይ እያለች አንዱ ስልኩን አይቶ "ገባ" ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ደቂቃ ሁሉ ሞተ። ጋሼ ለዚህ ሕግ አውጥተዋል። ከስክሪኑ ቀድሞ ውጤት የተናገረ ሰው ለጠረጴዛው ሁሉ አንድ አንድ ጃምቦ ያወርዳል። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንድ ባለ ክራቫት ሰው ስድስት ጃምቦ ሲከፍል አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩን በጀርባው ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል፣ ችግሩ ዲኮደሩ ነው። እስኪነሳ፣ ካርዱን እስኪያነብ፣ ቻናሉን እስኪፈልግ ድረስ ደቂቃዎች ይሄዳሉ። በዚያ መሀል ሕጉ ይነሳል፤ ስልክ ማየት ይፈቀዳል። ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ስልኩ ላይ ያጎነብሳል።

ምግቡን በአጭሩ። ተጋቢኖው አንደኛ ነው። ሸክላው ከእሳት ወርዶ ጠረጴዛ ላይ እየፈላ ይመጣል፤ ሽሮው ወፍራም፣ ቃሪያው ሙሉውን ከላይ። ሁዳዴ ላይ ሥጋ ቤቱ መስኮት ይዘጋል፤ ያኔ ቤቱን የሚያቆመው ተጋቢኖው ነው። ደረቅ ጥብሱ ጥሩ ነው፣ ግን ከእረፍት በፊት እዘዙ። በእረፍት ሰዓት ካዘዛችሁ ሁለተኛው አጋማሽ ተጋምሶ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ደግሞ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አዋዜው ይደፋል። ክትፎውን አልመክርም። ለብለብ አዝዤ የበሰለ መጣልኝ። ስመልሰው አስተናጋጁ "እትዬ፣ ለሴት ጥሬ አይሰጥም ብለው ነው" አለኝ። ማን ነው ያለው? ወጥ ቤት ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። ሁሉም ሌላውን አሳየኝ። ድራፍቱ ቀዝቃዛ ነው፣ አረፋው አይበዛም። ዋጋው ከመስቀል አደባባዩ ቤት በብዙ ይረክሳል።

ሴት ሆናችሁ ብቻችሁን ብትሄዱስ? ይሄንን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ በደንብ ልመልስ። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ዞሮ ያያችኋል። "ማንን እየጠበቅሽ ነው?" የሚል አይጠፋም። ቡናን እየጠበቅኩ ነው በሉ። ተጫዋች ስም ጠርታችሁ አንድ ጊዜ ከተሳደባችሁ በኋላ ማንም አይጠይቃችሁም። ጋሼ በዚህ በኩል ጥብቅ ናቸው፤ ሰክሮ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ወንድ ካለ ራሳቸው መጥተው "ና እስቲ አንተ፣ እዚህ ብርሃን አለ" ብለው ከአጠገባቸው ያስቀምጡታል። በጣም የሚገርም ዘዴ ነው። እስካሁን አልከሸፈም። ሲጋራ ውስጥ አይጨስም፤ የሚያጨስ ኮሪደር ይወጣል፣ ጎልም ያመልጠዋል።

መጸዳጃ ቤቱ ግን ያሳፍራል። ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፣ መቆለፊያው ከጠፋ ቆይቷል፣ በሩን በእግር እየያዛችሁ ነው። ውሃ አንዳንዴ በባልዲ ነው። ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። "ይሠራል" ይላሉ። ግድግዳው በየዓመቱ ነጭ ይቀባል፣ ለኳሱ ሲባል፤ የመጸዳጃው በር ግን መቆለፊያ አላገኘም። ለቤቱ የምሰጠው ነጥብ የሚቀንሰው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙም ይቀንሳል። የምታውቁ ባለ እጅ ካላችሁ ላኩልኝ። መቆለፊያውን እኔ እገዛለሁ።

ወንበሩ ፕላስቲክ ነው። ከኋላ ያሉት ጥቂት የእንጨት አግዳሚዎች ይሻላሉ፤ የጋሼ እኩዮች ቀድመው ይይዟቸዋል። እነሱ ከተቀመጡበት በላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ፣ በመስታወት። በ1954 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው ብሔራዊ ቡድናችን ነው። ከነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ ያን ቀን ስታዲየም ነበርኩ ይላሉ፣ በአባታቸው ትከሻ ላይ። ግብፅን 4 ለ 2፣ ጭማሪ ሰዓት ተሰጥቶ። ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ሲቀበል አይቻለሁ ይላሉ። ስንት ሰው እንደነበረ ስትጠይቋቸው ቁጥሩ በየሳምንቱ ይጨምራል። እኔ ግን እጠይቃቸዋለሁ። በእረፍት ሰዓት ከማስታወቂያ እሳቸው ይሻላሉ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ የቤቱ ያልሆነ። ከጨዋታው በፊት ማልያ ልግዛ ብዬ በዚያው ዙሪያ ካሉት የስፖርት ልብስ ሱቆች አንዱ ገባሁ። የማንቼስተር በየቁጥሩ፣ የሕፃን ሳይቀር ተሰቅሏል። የቡና? ልጁ መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ ያዘለ ፌስታል አወረደ። አንድ ብቻ፣ ያውም ለእኔ ሁለት ሰው የሚያስገባ። ስታዲየሙ ሥር ያለ ሱቅ ነው እኮ። "አይሸጥም" አለኝ። ካልሰቀልከው እንዴት ይሸጣል አልኩት። ዝም ብሎ ፌስታሉን መልሶ ጠቀለለው።

ለመሄድ ያሰባችሁ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ግቡ። ሸገር ደርቢ፣ ማለትም ቡናና ጊዮርጊስ፣ ከሆነ ደግሞ ከ10 ሰዓት በፊት፤ ያለዚያ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ነው የምታዩት፣ ከሚያጨሱት ጋር። በባቡር የምትመጡ ስታዲየም ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር ትንሽ ነው። መመለሻውን ግን አስቡበት። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነው፣ ቡና ተሸንፎ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይረዝማል። የእህቴ ባል መኪና ስላለው እኔ ይሄ አያስጨንቀኝም፤ የምከፍለው ግን በመንገድ ላይ ስለ ጊዮርጊስ በመስማት ነው።

ሂሳብ በቴሌብርም በጥሬም ይቀበላሉ። የሚገርማችሁ ሂሳቡ የሚመጣው 80ኛው ደቂቃ ላይ ነው፣ ባትጠሩትም። አስተናጋጁ ዝም ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ይሄዳል። ፊሽካ ከተነፋ በኋላ የተሸነፈው ወገን ሳይከፍል የሚወጣበት ጊዜ ነበር አሉ። ክፈሉና ቀሪውን አስር ደቂቃ በሰላም እዩ።